በልጥ የተማረ ውሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ሰበታንና ተፍኪን ስታልፉ ተጂን ታገኛላችሁ። ዙሪያው የበቾ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ጓያው ያምርበታል።

በክረምት አዋሽ ሲሞላ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። በበጋ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ለአይጥ መደበቂያ ነው። አይጥ ባለበት እባብ አይጠፋም። እባብ ወደ ጎተራና ወደ ጭድ ክምር የሚጠጋው ሰው ፍለጋ አይደለም፤ አይጥ ፍለጋ ነው።

ታዲያ እባቡን ቀድሞ የሚያገኘው ማነው? ብዙ ጊዜ ውሻ ነው። ውሻ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ያምናል። አዲስ ነገር ሲሸተው ሄዶ አፍንጫውን ይሰካል። ስለዚህ እባብ ውሻን የሚነድፈው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወይም የፊት እግሩን ነው። ከውሻው ኋላስ ማን አለ? እረኛው ልጅ አለ። «ምን አገኘህ?» ብሎ ይጠጋል። ትልቁ አደጋ ይኸ ነው።

በአገራችን ከሚፈሩት እባቦች አንዷ እፉኝት ናት። አጭርና ወፍራም ናት። መልኳ ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር ይመሳሰላል። ኮቴ ስትሰማ ቶሎ አትሸሽም፤ ዝም ብላ ትተኛለች። ስትቆጣ ሰውነቷን ነፍታ እንደ ወናፍ ትተነፍሳለች። ከተረገጠች ግን ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አትቆይም። መርዟ ያሳብጣል፣ እጅግ ያሳምማል፣ ሥጋን ይገድላል።

በአሜሪካ ደግሞ ጅራቷን እንደ ጸናጽል የምታንሿሿ መርዘኛ እባብ አለች። በእኛ አገር የለችም። አሪዞናና ካሊፎርኒያ በሚባሉት ግዛቶች ሰዎች ውሾቻቸውን ከእርሷ እንዲርቁ ያስተምራሉ። አንዳንዱ አስተማሪ በውሻው አንገት ላይ የሚነዝር መሣሪያ ያስራል። ውሻው እባቧን ሊያሸት ሲል ይነዝረዋል። ሌላው አስተማሪ ግን ያለ ንዝረት፣ በሽልማት ብቻ ያስተምራል። ይኸኛው መንገድ ለእኛም ይሆናል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሲተረት «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። በእባብ የደነገጠ ሰው ልጥ ሲያይ ይሸሻል ማለት ነው። ለውሻችን ግን ተረቱን እንገልብጠው። እባብ ሳያይ በፊት በልጥ ይማር።

አንደኛ፣ አንድ ቃል ምረጡ። «ተው!» ይበቃል። ሴት ከሆነች «ተይ!» በሏት። ቤተሰቡ ሁሉ በዚያው ቃል ይጠቀም።

ሁለተኛ፣ ቁራሽ እንጀራ በጭብጣችሁ ይዛችሁ ውሻው እንዲያሸት አድርጉ። «ተው!» በሉ። አፍንጫውን ሲመልስ አመስግኑት፤ በሌላው እጃችሁ የተሻለ ጉርሻ ስጡት።

ሦስተኛ፣ ወፍራም ልጥ ሣር ላይ አጋድሙ። ውሻውን በረጅም ገመድ አስራችሁ በዚያ በኩል አሳልፉት። ሊያሸት ሲል «ተው!» ብላችሁ ዞር በሉ። ተከትሏችሁ ሲመጣ ሸልሙት።

አራተኛ፣ እባብ የጣለው ቆዳ ካገኛችሁ በእንጨት አንሥታችሁ ከልጡ ጋር አድርጉት። ውሻው ሽታውንም ይወቅ።

ሕያው እባብ ለማስተማሪያ አታምጡ። የሞተም ቢሆን አትንኩ። የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት እንኳ ሊነድፍ ይችላል። ውሻውንም አትደብድቡት። የተደበደበ ውሻ የሚፈራው እባቡን ሳይሆን ጌታውን ነው።

ፊደል በአንድ ቀን አልተያዘም። ውሻም በአንድ ቀን አይማርም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደጋግሙለት። ቢማርም እንኳ ሳያይ እባብ ሊረግጥ ይችላል። ስለዚህ ደጃችሁን አጽዱ፤ የአይጥ ጉድጓድ ድፈኑ፤ ማታ ያለ መብራት አትውጡ።

እባብ ሰው ቢነድፍስ? ቦታውን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አትተኩሱ፣ በገመድም አጥብቃችሁ አትሰሩ። ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቁ፤ እብጠቱ ሲመጣ ይጠብቃልና። የተነደፈው ሰው አይራመድ። በቃሬዛ ተሸክማችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። መርዙን የሚያረክስ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ የሚሠራው ለፈረስ ጥቂት መርዝ በመስጠትና ከደሙ መከላከያውን በማውጣት ነው። የተነደፈ ውሻም ሳይሮጥ ተሸክመው ወደ እንስሳት ሐኪም ይወስዱታል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ የሚደርስ ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር መዝግቦታል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በባዶ እግሩ የሚሠራው ገበሬና ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው።

የተማረ ውሻ ከእባብ ጋር አይታገልም። ራቅ ብሎ ይቆማል። ይጮሃል። ያን ጊዜ ልጁም ይቆማል።

እንወያይ፦
1. እባብ ወደ ቤታችን የሚመጣው ለምንድን ነው?
2. ልጆቻችን ውሻው ቆሞ ሲጮህ ምን ማድረግ አለባቸው?
3. በሠፈራችን ሰው በእባብ ቢነደፍ ቃሬዛውን ማን ይሸከማል? የትኛው ሐኪም ቤት ይቀርባል?