ቀዩ መርፌ

ሞጣ ያሉት አክስቴ እጅ እግራቸው እየደነዘዘ ሲያስቸግራቸው የታዘዘላቸው መርፌ ቀይ ነበር። «ደም ነው እንዴ የሚወጉኝ?» አሉኝ። ቢቸና ኬሚስትሪ አስተምራለሁና ጥያቄያቸው ደስ አሰኘኝ። «የለም እትየ፣ ቅላቱ ከኮባልትና ኮባልቱን ከያዘው ቀለበት የመጣ ነው» አልኳቸው።

መርፌው ቫይታሚን ቢ12 ነበር፤ ከቫይታሚኖች ሁሉ ሜታል ያዘለው እሱ ብቻ ነው። ኮባልቱ መሃል ይቀመጣል፤ ኮሪን የተባለው ቀለበት በአራት ናይትሮጅኖች ዙሪያውን ይይዘዋል፤ አምስተኛ ናይትሮጅን ከሥር ይደግፈዋል። እንዲህ ኤሌክትሮን እየሰጡ ሜታልን የሚይዙት ሊጋንድ ይባላሉ። ስድስተኛው ቦታ ግን ባለቤቱን ይለውጣል፤ እኔን የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። ሃይድሮክሲል የያዘው ዓይነት ለሳያናይድ መርዝ ማርከሻ ይሆናል፦ ሳያናይዱ ሃይድሮክሲሉን አስለቅቆ ኮባልቱ ላይ ይጣበቅና በሽንት ይወጣል። ይህን ውስብስብ ቅርጽ በኤክስሬይ የፈታችው ካይሮ የተወለደችው እንግሊዛዊት ዶሮቲ ሆጅኪን በ1964 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘች።

በጾም የምንበላቸው ጤፍና ሽሮ ግን ቢ12 የላቸውም። ላሟም ራሷ አትሠራውም፤ ከሣሩ ባገኘችው ኮባልት በሆዷ ያሉ ባክቴሪያዎች ይሠሩታል፣ ከዚያ ወደ ወተቱና ወደ ሥጋው ይገባል።

ጾም ያሳምማል ማለቴ አይደለም። ለአዋቂ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ጉበትም ለዓመታት የሚሆን ያከማቻል። በፍስክ ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ሰው ይተካዋል። የሚያሰጋው በፍስክም የማያገኘውና ጨጓራው የደከመ አዛውንት ነው።

የእናት አባቶቻችሁን የእግር መደንዘዝ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከቢ12 እጥረት የሚመጣ የነርቭ ጉዳት ከዘገየ ላይመለስ ይችላልና በጊዜ አስመርምሯቸው።