የውሃ ማቆሪያ ኩሬ ላስቲክ የሚለወጥበትን ጊዜ ስለ ማወቅ

የክረምትን ዝናብ አቁሮ ለበጋ ማቆየት በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው። የ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ካነሰ በኋላ ግን፣ በ1995 ዓ.ም. በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በየገበሬው ጓሮ ኩሬ የማስቆፈሩ ሥራ በሰፊው ተያዘ። ከኩሬዎቹም ብዙዎቹ ውሃው ወደ መሬት እንዳይሰርግ በሲሚንቶ ወይም በፕላስቲክ ተለበጡ። ይህ ፕላስቲክ በባለሙያዎች ዘንድ ጂኦሜምብሬን ይባላል፤ በተለምዶ ግን ላስቲክ ስለሚባል እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

ላስቲክ ያረጃል። ስለዚህ ባለ ኩሬው አንድ ቀን ይጠገን ወይስ ይለወጥ የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። ሳያረጅ የለወጠ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚጠግን ደግሞ ድካሙንም ውሃውንም ያጣል። በፒቪሲ የተለበጠ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሰውም ይኸው ጥያቄ አለበት፤ ዳሩ ግን እርሱ የጎደለውን ከቧንቧ ይሞላል። ኩሬው በጥር የደረቀበት ገበሬ ግን የተከለው ሽንኩርት እየጠወለገ እስከ ሰኔ መጠበቅ ግዴታው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፣ የመለወጫውን ጊዜ የሚወስነው የላስቲኩ ዕድሜ ወይም የቀዳዳ መገኘት ብቻ ሳይሆን፣ የላስቲኩ ልዝብነት አለማለቁ ወይም ማለቁ መሆኑን ነው።

፩. ላስቲክ እንዴት ያረጃል

ለኩሬ የሚነጠፈው ላስቲክ በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው፤ ይኸውም ፖሊኤቲሊን ወይም ፒቪሲ ነው። ሁለቱን ለመለየት ከጠርዙ ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ቆርጦ ጥቂት ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ይበቃል። ፖሊኤቲሊን ከውሃ ስለሚቀል ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ ፒቪሲ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል።

ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነገር ነው። ልዝብ የሚሆነው በፋብሪካ በሚጨመርበት አለስላሽ ቅመም ነው። ይህ ቅመም በሙቀትና በጊዜ ብዛት ከውስጡ እየወጣ ሲሄድ ላስቲኩ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለፀሐይ ተጋልጦ እንዲቆይ ያልተሠራ ፒቪሲ በአፈር መሸፈን ይገባዋል።

ፖሊኤቲሊን ደግሞ ጠላቱ የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረርና ኦክሲጅን ነው። ጥሩው የኩሬ ፖሊኤቲሊን ጥቁር የሆነው ለመልክ አይደለም፤ ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ካርቦን ብላክ የተባለ ደቃቅ ጥላሸት ስለ ተቀላቀለበት ነው። ጥላሸቱ ጨረሩን ይውጣል። ከዚህም ሌላ ኦክሲጅንን የሚከላከል ቅመም ይጨመርበታል። ይህ ቅመም እስኪያልቅ ድረስ በላስቲኩ ላይ ብዙ ለውጥ አይታይም፤ ካለቀ በኋላ ግን ጥንካሬው በፍጥነት ይወርዳል። ዓይን ብቻውን የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

እርጅና በኩሬው ሁሉ ላይ እኩል እንደማይመጣም ማስተዋል ያስፈልጋል። ውሃ የሸፈነው ክፍል ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቃል። ከውሃው በላይ የሚቀረው ጠርዝና ውሃው ሲጎድል የሚገለጠው ክፍል ግን ቀድሞ ያረጃል። በማዕዘኖች ላይ የሚገኙት እጥፋቶችም እንዲሁ ቀድመው ይጎዳሉ። ለምሳሌ ላዩ 8 በ8 ሜትር፣ ታቹ 4 በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ 75 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። ግድግዳውና ወለሉ 84 ሜትር ካሬ ያህል ሲሆን፣ ለጠርዙ መቅበሪያ ጭምር የሚያስፈልገው ላስቲክ 11 በ11 ሜትር፣ ማለት 121 ሜትር ካሬ ነው። ትርፉ ከፊሉ በጠርዝ ይቀበራል፣ ከፊሉም በአራቱ ማዕዘን ይታጠፋል። ስንጥቅ በመጀመሪያ የሚፈለገውም በእነዚህ እጥፋቶች ላይ ነው።

፪. ትነትን ከማፍሰስ መለየት

የኩሬ ውሃ በመጉደሉ ብቻ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት አይቻልም። ከጣና ሐይቅ በትነት የሚሄደው ውሃ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሆን ጥናቶች ያመለክታሉ፤ ይህም በአማካይ በቀን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ሙቀትና ነፋስ ባለበት ቀን ከዚህም ይበልጣል። በምሳሌያችን ኩሬ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ትነት 320 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር 16 ጀሪካን መሆኑ ነው።

ትነትን ከማፍሰስ ለመለየት አንድ ባልዲና አንድ ማስመሪያ ይበቃሉ። ባልዲው በኩሬው ውሃ ይሞላና አፉ ከውሃው በላይ ሆኖ፣ እንዳይገለበጥ በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ፣ በኩሬው ዳር ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በባልዲውም በኩሬውም የውሃው ልክ ምልክት ይደረግበታል። ዝናብ በሌለበት፣ ውሃ በማይቀዳበትና ከብት በማይጠጣበት አንድ ወይም ሁለት ሙሉ ቀን ከቆየ በኋላ ሁለቱ ይለካሉ። ባልዲውም ኩሬውም እኩል ከጎደሉ የወሰደው ትነት ነው፤ ላስቲኩን መንካት አያስፈልግም። ነገር ግን በአንድ ቀን ባልዲው 5፣ ኩሬው 20 ሚሊ ሜትር ቢጎድሉ፣ የ15 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት በቀዳዳ የወጣ ነው። ይህም በሙሉ ኩሬ ላይ በቀን 960 ሊትር፣ ማለት 48 ጀሪካን ነው፤ በዚሁ መጠን ቢቀጥል በ10 ቀን 9 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል።

ቀዳዳው ያለበትን ከፍታም ውሃው ራሱ ያሳያል። ከትነቱ በላይ የነበረው መጉደል በአንድ ልክ ላይ ሲቆም፣ ቀዳዳው በዚያ ልክ ዙሪያ ይፈለግ። ሳይቆም እስከ ታች ከወረደ ግን ቀዳዳው በወለሉ ላይ ነው።

፫. መጠገን ወይስ መለወጥ

ቀዳዳ ከተገኘ በኋላ ላስቲኩ ራሱ ይመረመራል። ከፍተኛው የውሃ ልክ ከሚደርስበት በላይ፣ ፀሐይ ካየው ጠርዝ፣ የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ይቆረጣል። ሌላ ቁራጭም በአፈር ከተቀበረው ጠርዝ ይወሰድና ሁለቱ በጠዋቱ ቅዝቃዜ በኃይል ታጥፈው ይነጻጸራሉ። ቀዳዳው አጠገብ ያለውም ላስቲክ በእጅ ይዳሰሳል። ከዚህ ሦስት ፍርድ ይገኛል።

አንደኛ፣ ሁለቱም ቁራጮች ሳይሰነጠቁ ቢታጠፉና የቀዳዳው ምክንያት ቢታወቅ፣ ለምሳሌ ድንጋይ፣ የከብት ኮቴ ወይም አይጥ ከሆነ፣ መጠገን ይበቃል። የተከፈተ መጋጠሚያም እንደዚሁ ነው። ፒቪሲ ለእርሱ በተሠራ ማጣበቂያ ይለጠፋል። ፖሊኤቲሊን ግን ተራ ማጣበቂያ አይዘውም፤ በሙቀት መበየድ ወይም ለእርሱ የተዘጋጀ ተለጣፊ መጠቀም ያስፈልጋል። ብዙ ጥገና የሚከሽፈው ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ ያየው ቁራጭ ቢሰነጠቅና የተቀበረው ልዝብ ቢሆን፣ ከውሃው በታች ያለው ላስቲክ ገና ሊያገለግል ይችላል። ላይኛውን ክፍል መጠገንና ጥላ ማልበስ ጊዜ ይገዛል፤ ለአዲሱ መግዣ ገንዘብ ማጠራቀም ግን ያን ጊዜ መጀመር አለበት።

ሦስተኛ፣ በውሃ ውስጥ የኖረውም ክፍል ደርቆ ቢሰነጠቅ፣ ስንጥቁ እጥፋትን ተከትሎ ቢሄድ፣ ወይም ከጥገናው ጠርዝ አጠገብ አዲስ ቅዳጅ ቢፈጠር፣ ላስቲኩ አብቅቷል። ከዚህ በኋላ የሚደረግ ጥገና በአረጀ ጨርቅ ላይ አዲስ እራፊ እንደ መስፋት ነው።

፬. በመለወጥ ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ

የተሻለው ወራት ኩሬው የሚደርቅበትና ክረምቱ የሚቀርብበት ሚያዝያና ግንቦት ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ ላስቲክ ከመነጠፉ በፊት አሮጌውን የቀደደው ነገር መወገድ አለበት፤ አለዚያ ያው ድንጋይ ወይም ያው የአይጥ ጉድጓድ አዲሱንም ይቀድደዋል። በተለይ ዋልካ አፈር በበጋ ተሰንጥቆ በክረምት ስለሚያብጥ፣ ስንጥቁ በደቃቅ አፈር መሞላትና መጠቅጠቅ ይገባዋል።

ላስቲኩን ወጥሮ መንጠፍም ስሕተት ነው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ፖሊኤቲሊን ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለወጥ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል ወይም ያጥራል። በቀትር የተወጠረ ላስቲክ በሌሊት ቅዝቃዜ ራሱን ይጎትታል፤ ስለዚህ ጥቂት ላላ ማለት አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን፣ እርጥብ ላስቲክ እጅግ ስለሚያዳልጥ ኩሬ ውስጥ የወደቀ ልጅ በራሱ መውጣት አይችልም። አዲስ ላስቲክ ሲነጠፍ አጥር ማጠርና ቋጠሮ ያለው ገመድ ከጠንካራ ካስማ ጋር አስሮ እስከ ወለሉ መልቀቅ የሥራው አንድ ክፍል ሆኖ መቆጠር ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው፣ ባልዲው ውሃ መፍሰስ አለመፍሰሱን ያሳያል፤ የውሃው ልክ ቀዳዳው የት እንዳለ ይጠቁማል፤ የታጠፈው ቁራጭ ደግሞ ላስቲኩ ጥገና ይችል እንደሆነ ይፈርዳል። ሦስቱም ምርመራዎች ብዙ ወጪ የላቸውም። ወደ ገጠር ለሥራ ወይም ለጥናት የሚወጡ ጓደኞቻችን ለባለ ኩሬው ለውጥ ወይም ጠግን ብለው ከመምከራቸው በፊት እነዚህን ሦስቱን ከእርሱ ጋር ሆነው ቢፈጽሙ፣ ምክራቸው በግምት ሳይሆን በልክ ላይ የቆመ ይሆናል። ባለ ኩሬውም ዘዴውን ከተማረ በሚቀጥለው ዓመት አማካሪ ሳይጠብቅ ራሱ ይመረምራል።