ስክሪፕቱን ማን ገደለው? ከሊኑክስ «ኦኦኤም ኪለር» ጋር ትውውቅ

ትልቅ ፋይል የሚያነብ የፓይተን ስክሪፕት ደህና ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ይቆማል። በየትኛው መስመር ላይ እንደወደቀ የሚናገር መልእክት የለም፤ ተርሚናሉ ላይ «ኪልድ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይቀራል። ይህ ስክሪፕት በራሱ አልወደቀም፤ ተገድሏል። የገደለው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለው፣ ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮግራም የሚገድለው ኦኦኤም ኪለር ነው።

ፕሮግራሞች ሜሞሪ ሲጠይቁ ከርነሉ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላል፤ የፈቀደው ድምር ማሽኑ ካለው ሊበልጥ ይችላል። እውነተኛውን ሜሞሪ የሚሰጠው ግን ፕሮግራሙ መጠቀም ሲጀምር ነው፤ እሱንም በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ በ4 ኪሎባይት ቁራጭ እየቆረሰ። ብዙ ፕሮግራሞች የጠየቁትን ሁሉ ስለማይጠቀሙበት አሠራሩ ያዋጣል። ሁሉም ድርሻቸውን ሲፈልጉ ግን ከርነሉ ደንበኞቹ በአንድ ቀን ገንዘባቸውን ሊያወጡ እንደመጡበት ባንክ ይጨንቀዋል። ዲስክ ላይ ለሜሞሪ መጠባበቂያ የተያዘው ቦታ፣ ስዋፑም ካለቀ ማሽኑ በሙሉ ከሚቆም አንዱ ፕሮግራም ይሠዋል።

ምርጫው በነጥብ ነው። ብዙ ሜሞሪ የያዘ ብዙ ነጥብ ያገኛል። አስተዳዳሪው ነጥቡን ከ-1000 እስከ 1000 ማስተካከል ይችላል፤ -1000 የተሰጠው አይነካም። ስለዚህ ሟቹ ሁልጊዜ ጥፋተኛው አይደለም፤ ስክሪፕቱ ባመጣው ችግር ብዙ ሜሞሪ የያዘው ዳታቤዝ ሊሞት ይችላል። ግድያው የሚፈጸመው በሲግናል 9 ነው። ይህን ሲግናል የትኛውም ፕሮግራም ሊከላከለው ስለማይችል ስክሪፕቱ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር ይሞታል።

ዱካው ግን አይጠፋም። መውጫ ኮዱ 137 ከሆነ 128 ሲደመር 9 ማለት ነውና በሲግናል 9 መገደሉን ያሳያል። ገዳዩ ማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው የከርነሉ ሎግ ነው፤ የሟቹ ስምና የያዘው ሜሞሪ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ስክሪፕቱ ኮንቴይነር ውስጥ ከነበረ የኮንቴይነሩ ጣሪያም ይታይ፤ ሰርቨሩ ላይ ብዙ ሜሞሪ ተርፎም ጣሪያውን ያለፈ ይገደላል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ሜሞሪው የት እንደሚሄድ ነው። በ64 ቢት ፓይተን አንድ ተራ ሙሉ ቁጥር 28 ባይት ይይዛል፤ ሊስት ውስጥ ሲገባ ለአድራሻው 8 ባይት ይጨመርበታል። 100 ሚሊዮን የተለያዩ ቁጥሮች 3.6 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃሉ። ነምፓይ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ በ32 ቢት ቢቀመጡ 400 ሜጋባይት ይበቃቸዋል። ፋይሉን በሙሉ ከመጫን መስመር በመስመር እያነበቡ መሥራት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ሜሞሪ ይፈጃል። የሜሞሪው ፍጆታ ያለምክንያት እያደገ ከሄደ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ትሬስማሎክ የትኛው መስመር እንደሚያከማች ያሳያል።

ሜሞሪ መግዛት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ፍጆታው ከፋይሉ ጋር እኩል የሚያድግ ስክሪፕት 16 ጊጋባይት ቢጨመርለትም ፋይሉ ሲያድግ ተመልሶ ይገደላል፤ መስመር በመስመር የሚያነብ ግን ፋይሉ አሥር እጥፍ ቢሆንም በያዘው ሜሞሪ ይጨርሳል።