ቆዳውን የተገፈፈ ቀርከሃ ምን ይልበስ?

ከየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ተነሥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወጣውን መንገድ የማያውቅ የስድስት ኪሎ ተማሪ አይገኝም። ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ከሆነ ወዲህ፣ በአካባቢው የሚከራዩ ክፍሎች ተማሪና ወጣት ሠራተኛ ተለይቷቸው አያውቅም። ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነው ነገርም የደረሰው ከነዚሁ ክፍሎች በአንደኛው ውስጥ ነው።

ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ነው። የተከራየው ክፍል አሮጌ ጣውላው ተነሥቶ አዲስ የቀርከሃ ወለል የተነጠፈበት ነው። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ቁልፉን ሲያስረክቡት «ልጄ፣ ይህን ወለል እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅልኝ» ብለውት ነበር። እርሱም እሺ አለ። ነገር ግን እንዴት እንደሚጠበቅ አልጠየቀም፤ እርሳቸውም አልነገሩትም።

የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። ወዳጃችን እንግዶቹን በንጹሕ ቤት ለመቀበል ፈልጎ፣ በልጅነቱ ሊሾ ሲታጠብ እንዳየው ሁሉ፣ ሁለት ባልዲ ውሃ በኦሞና በበረኪና በጥብጦ ወለሉ ላይ ደፋ፤ በመጥረጊያም ፈተገው። ማታ ደግሞ ውሃው የሚንጠባጠብ ቄጤማ ጐዘጐዘበት። በሦስተኛው ቀን ቄጤማውን ጠርጎ ሲያነሣ ያየውን ማመን አቃተው። የጣውላዎቹ ጠርዝ ተነፍቶ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ መካከላቸው ጐድጕዷል፤ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጥብ ወጥቷል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ላጸዳ ብዬ ነው» ቢላቸው፣ ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲህ ከደመወዝህ ታስጠግነዋለህ፤ አለዚያም ትለቅልኛለህ» አሉት።

ወዳጃችን ይህን ሲያጫውተን በቁጣ «ቀርከሃ ድሮም ለአጥር እንጂ ለቤት አልተፈጠረም!» አለ። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ጥፋቱ የቀርከሃው ነው ወይስ የያዡ?

ጭስ የጠጣ ቀርከሃ

መልሱን ፍለጋ ብዙ ርቀን አልሄድንም። ሽሮ ሜዳ በሸማ ሥራ የታወቁት የዶርዜ ተወላጆች ሰፈር ነው። የዶርዜ ሰው ደግሞ ከሸማው ሌላ የሚታወቅበት ሁለተኛ ጥበብ አለው፤ ይኸውም በጨንጫ ደጋ ላይ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተፈትሎ የሚሠራው ረጅም ቤት ነው። አንድ አዛውንት ሸማኔ ዘንድ ቀርበን «አባባ፣ ቀርከሃ ለቤት ይሆናል?» ብለን ብንጠይቃቸው ሣቁብን። «ልጄ፣ እኔ የተወለድኩት ቀርከሃ ውስጥ ነው። ብቻ ጭስ ይጠጣ፤ ከመሬት እርጥበትም ይጠበቅ» አሉን።

አነጋገራቸው አጭር ቢሆንም ሙሉ ትምህርት አለበት። በዶርዜ ቤት ውስጥ እሳት ይነድዳል፤ ጭሱም ዓመት እስከ ዓመት ቀርከሃውን እያጠነ ያደርቀዋል፤ ጥላሸቱም ነቀዝን ያርቃል። ከመሬት ጋር የሚነካካውን እግሩን ግን ምስጥና እርጥበት ይበሉታል። በዚህ ምክንያት ቤቱ በዘመን ብዛት ቁመቱ እያጠረ ይሄዳል፤ አስፈላጊም ሲሆን ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞት ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። እንዲህም ሆኖ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያገለግላል። እንግዲህ ቀርከሃ ለቤት አይሆንም የሚለው ቃል እዚሁ ላይ ይወድቃል። ቀርከሃ የሚፈልገው የሚጠብቀውን ልብስ ብቻ ነው።

ሣር እንዴት ወለል ይሆናል?

ቀርከሃ ዛፍ አይደለም፤ ከስንዴና ከጤፍ ጋር አንድ ወገን የሆነ ሣር ነው። ከመሬት ከበቀለ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ለሥራ የሚሆን ጥንካሬ የሚያገኘው ግን ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሞላው ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት ይበቅላል። ውስጡ ባዶ የሆነው የደጋው ቀርከሃ በአዊ፣ በሲዳማ፣ በጨንጫና በማሻ ይገኛል። ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላው ደግሞ በይበልጥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይገኛል። የአገሪቱ የቀርከሃ ደን ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ይህም ኢትዮጵያን ከአፍሪካ አገሮች በግንባር ቀደምትነት ያሰልፋታል።

ወለል ለማድረግ ግንዱ ይሰነጠቅና ጠንካራው አረንጓዴ ቆዳ ይላጣል። ከዚያም ስንጣሪው ነቀዝ የሚወደው ስኳርና ስታርች እንዲወጣለት ይቀቀላል፤ ብዙ ጊዜም የቦሮን ጨው ይጨመርበታል። ከደረቀ በኋላ በኮላ ተጣብቆና በመጭመቂያ ታምቆ ጣውላ ይሆናል። ክሩ ተፈትቶ በኃይል የሚታመቀው ዓይነት እጅግ ጠንካራ ነው። በእንፋሎት ተጠብሶ ቡናማ የሚሆነው ተራ ጣውላ ግን መልኩ ቢያምርም ካልተጠበሰው ይልቅ ይለሰልሳል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። በጫካ ሳለ ዝናቡን የሚመልስለት ቆዳው ተላጥቷል። ስለዚህ ጣውላው ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከጣውላው ላይ የምንቀባው ነገር ለጌጥ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ የተገፈፈውን ቆዳ የሚተካ ነው።

ሦስቱ ልብሶች

አንደኛው ቫርኒሽ ነው። ዛሬ ለወለል ይበልጥ የሚመረጠው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ሲሆን በሁለት ዓይነት ይሸጣል። በውሃ የሚቀጥነው በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፤ ሽታው ቀላል ነው፤ የቀርከሃውንም ፈዛዛ መልክ ሳይለውጥ ያቆያል። በዘይት የተሠራው ለመድረቅ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ሽታው ይከብዳል፤ እያደርም ወደ ማር መልክ ይሄዳል። ሰው ለሚበዛበት ክፍል ሁለቱም መልካም ናቸው።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ከጥንት ጀምሮ እንጨት የሚቀባበት የተልባ ዘይት ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ጣውላውን ያሞቀዋል፤ የተጫረ ቦታ ቢኖር ያንኑ ብቻ መልሶ ለመቀባት ይመቻል። ነገር ግን ከቫርኒሽ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታደስ ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ማድረቂያ የተጨመረበት ለእንጨት የተዘጋጀው ነው፤ ከወጥ ቤት የሚወሰድ የምግብ ዘይት ግን ሳይደርቅ አቧራ እየሰበሰበ ይቀራል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም እንጨምር፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ቢጣል፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ፣ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሰም ነው። ሰም ያብረቀርቃል፤ ውሃን ለመመለስ ግን አቅሙ ደካማ ነው። ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ቫርኒሽ በተቀባ ወለል ላይ ሰም እንዳይለቀለቅ ነው። ያዳልጣል፤ ኋላም አዲስ ቫርኒሽ ለመቀባት ሲፈለግ አያስይዝም።

ልብሱ መሳሳቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሰው በሚመላለስበት ስፍራ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ያኑሩ። ውሃው እንደ ዶቃ ተጠቅልሎ ከቆየ ልብሱ ደኅና ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ቦታውን ካጠቈረው የመቀቢያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

አቀባቡ

ለዚህ ሥራ የአዲስ አበባ ክረምት አይመችም፤ አየሩ እርጥብ ስለ ሆነ ቫርኒሹ ይዘገያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የፀሐይ ጊዜ ይሻላል፤ ሆኖም ሌሊቱ ብርድ ነውና ማለዳ ጀምሮ የቀትሩን ሙቀት መጠቀም ነው። ወለሉ በደንብ ይጠረግ፤ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ለምሳሌ 220 ቁጥር፣ በቀስታ ይታሽበት፤ ዱቄቱም በነጠፈ ጨርቅ ይነሣ። ፋብሪካ የቀባው ልብስ ያልተላጠ እንደ ሆነ እስከ ቀርከሃው ድረስ መፋቅ አያስፈልግም፤ አንጸባራቂነቱ ደብዘዝ ካለ ይበቃል።

ቫርኒሹ በሥሡ፣ የጣውላውን ርዝመት ተከትሎ ይቀባል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሦስት ጊዜ አሥሥቶ መቀባት ይበልጣል፤ በየመካከሉም ብርጭቆ ወረቀቱ ቀለል ተደርጎ ይደገማል። መስኮት ይከፈት፤ ከሰል፣ ሻማና ቡታጋዝ በአካባቢው አይለኰስ። ከመጨረሻው ቅብ በኋላ በካልሲ ለመራመድ አንድ ቀን፣ ዕቃ ለመመለስ ሦስት ቀን፣ ምንጣፍ ለማንጠፍ ደግሞ ከሳምንት በላይ መታገሥ ይገባል።

የዕለት አያያዝ

የቀርከሃ ወለል ትልቁ ጠላት ውሃ ነው፤ ሁለተኛው ጠላት የጫማችን አሸዋ ነው። አሸዋ በጫማ ሥር ሆኖ ብርጭቆ ወረቀት የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። በር ላይ አንድ ጆንያ ማንጠፍ፣ ጫማ አውልቆ መግባት፣ በየቀኑ በለስላሳ መጥረጊያ መጥረግ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው። የወንበርና የጠረጴዛ እግር ሥር የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ይለጠፍ፤ ሹል ታኮ ጫማም በር ላይ ይቅር።

ሲወለወል ጨርቁ ተጠምቆ፣ ውሃው እስከማይንጠባጠብ ድረስ መሆን አለበት። በረኪና፣ ኮምጣጤና ፈትጎ የሚያነሣ የልብስ ሳሙና ዱቄት ልብሱን ስለሚያደበዝዙት አይበጁም። ውሃ ቢደፋ ወዲያው ይደረቅ። ፀሐይም መልኩን ታነጣዋለችና ቀትር ላይ መጋረጃ መሳብ ነው።

በጣውላው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ነቀዝ ገብቶበታልና፣ በቫርኒሽ ሸፍኖ ከማለፍ አስቀድሞ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

በዓልና ቡና

ታዲያ ቄጤማ ይቅር እንላለን? አንልም። ቄጤማ የሌለበት ዓውደ ዓመት ምን ዓውደ ዓመት ይሆናል! ነገር ግን ውሃው በደንብ ይራገፍ፤ ከሥሩ ሸራ ይነጠፍ፤ ማታውኑም ይነሣ። ቡናም ሲፈላ ረከቦቱ ሰፋ ባለ ትሪ ላይ ይሁን። የፈርኔሎው ሙቀት ቫርኒሹን ያነጣዋል፤ የወደቀ ፍም ደግሞ ቀርከሃውን ይበሳዋል። ስለዚህ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሸክላ ማኖር ይገባል። የዕጣኑም ማጨሻ እንዲሁ ነው።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ወለሉ እንደ ተነፋ ወዲያው ሊያስልገው አናጢ ጠርቶ ነበር። አናጢው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበርና እምቢ አለው። «እርጥብ ሳለ ከላግሁት፣ ሲደርቅ ጠርዙ ዝቅ ብሎ መካከሉ ይጐብጣል። አስቀድሞ ይድረቅ» አለው። ለሳምንታት መስኮቱን ከፍቶ አደረቀው፤ ከጣውላዎቹ አብዛኛዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሦስቱ ግን አልዳኑምና ተለወጡ። አናጢው ከግድግዳው ሥር ዞኮሎውን ሲያነሣ ወለሉ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አገኘው፤ ጣውላው ሲያብጥ የሚሄድበት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ክፍት አልተተወለትም ነበር። ይህንንም አስተካከለ። ወለሉም ታሽቶ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ተቀባ።

ሂሳቡ የወዳጃችንን ደመወዝ ጐድቶታል፤ ክፍሉን ግን አላስለቀቀውም። ባለፈው እሑድ ሄደን ስንጠይቀው ባለቤቲቱ ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ ፈርኔሎው ድንጋይ ላይ፣ ረከቦቱ ትሪ ላይ ነበር። ወዳጃችን በካልሲው ቆሞ «እትዬ፣ ጫማዎን በር ላይ» ሲላቸው ሰማን። እርሳቸውም «ዛሬ ደግሞ አንተ ባለቤት ሆንክ!» ብለው ሣቁ።

ቀርከሃ የአገራችን ሀብት ነው፤ ይህን ሀብት የሚያከብረው ደግሞ አያያዙን ያወቀ ሰው ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፣ በዕለቱ የተጠመቀ አንድ ጨርቅና በጊዜው የተቀባ አንድ ቅብ ከዓመት በኋላ የሚመጣውን ትልቅ ወጪ ያስቀራሉ።