የሕፃን ጠጕር፤ ልማዱና አጠባበቁ

በአማራው ባላገር ዘንድ የሕፃን ጠጕር እንዲያው ተላጭቶ የሚጣል ነገር አልነበረም። የልጁ ዕድሜና ጾታ ከራሱ ላይ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ይህ ልማድ በከተማ እየቀረ ሄዷል፤ ነገር ግን ስለ ሕፃን ጠጕር የሚነሣው ጥያቄ አልቀረም። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ልማዱን፥ ቀጥሎ የጠጕሩን ተፈጥሮ፥ በመጨረሻም እናት ልትጠነቀቅበት የሚገባውን በአጭሩ እንገልጻለን።

ሕፃን እንደ ተወለደ እናትና አያት አብዝተው የሚሣሡለት ለመካከለኛው አናቱ ነው። በዚያ ስፍራ የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ስላልገጠሙ ከቈዳው በታች ትር ትር ሲል ይታያል፤ ስለዚህ እርግብግቢት ይባላል። ስፍራው እንዳይደርቅና ብርድ እንዳይመታው ለጋ ቅቤ ይደረግበታል። ልጁ ከፍ ሲልና መላጨት ሲጀምር፥ ወንድ ከሆነ ዙሪያው ተላጭቶ በአናቱ ላይ ጥቂት ጠጕር ይቀርለታል፤ ይህ ቍንጮ ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ መካከሉ ተላጭቶ ዙሪያው ይተውላታል፤ ይህም ጋሜ ይባላል። ለጋብቻ ስትደርስ ጠጕሯ ሁሉ አድጎ ሹሩባ ትሠራለች። አቈራረጡ ግን እንደ አገሩ ይለያያል።

ቍንጮ ስለ ምን ይተዋል ቢባል፥ ልጁ ቢሞት መልአክ በእርሱ ይዞ ወደ ሰማይ ያወጣዋል የሚሉ አሉ፤ ለእርግብግቢቱ መከለያ ነው የሚሉም አሉ። ቃሉ ዛሬም የአንድ ነገር ጫፍ ወይም የበላይ ለሆነ ሰው መጠሪያ ሆኖ ይኖራል።

ወደ ተፈጥሮው ስንመለስ፥ የሰው ጠጕር ሥሮች ሁሉ የሚፈጠሩት በማሕፀን ነው፤ ከልደት በኋላ አዲስ ሥር አይጨመርም። ፅንሱ በ5ኛው ወር ገደማ ስስና ለስላሳ ጠጕር ይለብሳል፤ ብዙው ከመወለዱ አስቀድሞ ይረግፋል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ግን በትከሻውና በጀርባው ላይ ይዞት ሊወጣ ይችላል። ከልደት በኋላም በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ጠጕር ይሳሳል፤ በተለይ የማጅራቱ ወገን ራሰ በራ እስኪመስል ይረግፋል። ብዙ እናት በዚህ ጊዜ ዐይን በላው ብላ ትሠጋለች። ነገር ግን ይህ ያረጀው ጠጕር ለአዲሱ ስፍራ መልቀቁ ነው፤ በወራት ውስጥ ይተካል። ደጋግሞ መላጨት ጠጕርን ያበዛል መባሉም እውነት አይደለም። ምላጭ የሚነካው ከቈዳው በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ጫፉ ድፍን ሆኖ ስለሚበቅል ብቻ ወፍራም ይመስላል።

ሌላው እናቶችን የሚያሳስበው በአናት ላይ የሚጋገር ቢጫ ቅርፊት ነው። ይህ ከንጽሕና ጕድለት የሚመጣ አይደለም፥ አይተላለፍምም። በንጹሕ ዘይት አለስልሶ፥ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ፥ በስስ ብሩሽ ቀስ እያሉ ማንሣት ይበቃል፤ በጥፍር መፋቅ ግን ቈዳውን ያቈስላል።

እውነተኛው ጕዳት ያለው በሌላ ስፍራ ነው። አንደኛ፥ በአንድ ምላጭ ብዙ ልጆችን መላጨት ቆረቆርን ያስተላልፋል፤ ደም ከነካውም ከዚህ የከፋ በሽታ ያመጣል። ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ ቅባቱ ከጠጕሩ ሥር ስለማይደርስ የሚዋጥ መድኃኒት ያሻዋል። ሁለተኛ፥ ጡት የተወ ልጅ ጠጕሩ ቀላ ብሎ፥ ሳስቶ፥ ሲነካ በቀላሉ የሚነቀል ከሆነና እግሩ ካበጠ፥ የገንቢ ምግብ ጕድለት ምልክት ነው። ሦስተኛውና አስቸኳዩ የእርግብግቢት ነገር ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞት እርግብግቢቱ ከጐደጐደ፥ የሰውነቱ ውሃ አልቋል ማለት ነው። ትኵሳት ይዞት ካበጠና ከጠነከረ ደግሞ የአንጎል ሽፋን በሽታ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ቅቤ መጨመር አያድነውም፤ ጡት እየሰጡ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። እርግብግቢት በጤናማ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ዕድሜ ይገጥማል።

እንግዲህ ከልማዱ የሚጠበቀውና የሚተወው ሊለይ ይገባዋል። የጋራው ምላጭ ይቅር። ቅቤው ንጹሕ ከሆነ፥ ከቈዳ ላይ ብቻ ከተቀባና ሳይቈይ ከታጠበ፥ ብዙ የሚያስነቅፍ አይደለም። የእናቶቻችን ዋና ጥበብ ግን ቅቤው ሳይሆን፥ በየዕለቱ የልጁን አናት በእጃቸው መዳሰሳቸው ነበር። ያች እጅ የምትነካውን ለይታ ካወቀች፥ ከሐኪም አስቀድማ የበሽታን ምልክት ታገኛለች። ልጅ ሲላጭ የሚሰጠው የ«እደግ ተመንደግ» ምርቃትም የሚፈጸመው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲታከልበት ነው።