ከአንኮበር እስከ ቱቢንገን፦ የመመረቂያ ጽሑፍን ስለ መጨረስ

«ኮርሱን ጨርሻለሁ፤ ጽሑፉ ብቻ ነው የቀረኝ።» ይህን ከአገልጋይ አፍ የሰማ ሰው፣ ከቃሉ በስተ ጀርባ ስንት ዓመት እንደ ተደበቀ ያውቃል። ኮርስ ሰዓት፣ መምህርና ፈተና አለው። መመረቂያ ጽሑፍ ግን ማንንም አይጠራም፤ ጠሪ ያለው ሌላው ነው፦ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ የእሑዱ ስብከት። ስለዚህ ጥናታቸው ቆሞ የሚቀርባቸው አብዛኛውን ጊዜ ሰነፎቹ ሳይሆኑ ትጉሃኑ አገልጋዮች ናቸው።

የምጽፈው በተለይ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ በሥነ መለኮትና በቋንቋ ዘርፍ ለምታጠኑ ነው። ምሳሌዎቼን ከሰሜን ሸዋ ወስጃለሁ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከርእስ ልጀምር፤ ብዙዎቻችን የምንሰጥመው እዚያ ነውና። ተማሪው «ወንጌል በሰሜን ሸዋ፣ ከጥንት እስከ ዛሬ» የሚል ፕሮፖዛል ይዞ ይመጣል። ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ሥራ ነው። የሸንኮራውን ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ተመልከቱ። ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ከእርሳቸው የበለጠ ያስተማረን ሊቅ ማግኘት ይከብዳል። በ1975 በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ከቀሩ በኋላ እንኳ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ዘርዝረው መዝግበዋል። ይሁን እንጂ በ1962 በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ስለ ግዕዝ ግሥ ሥርዓት ነበር። ንጉሡም መነኮሳቱም ከዚያ በኋላ መጡ። መመረቂያ ጽሑፍ ለሥራ የሚያበቃ የመጀመሪያ መሣሪያ ነው፤ የምታውቁትንና የምትወዱትን ሁሉ እንዲሸከም አታስገድዱት።

የሁለተኛው ወጥመድ ምሳሌ ደብረ ብርሃን ራሷ ናት። የዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉ የእስጢፋኖስ ተከታዮች በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ በዚያው ስፍራ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ ከተማዋም በዚህ ስም ተጠራች። ዜና መዋዕሉ ብርሃኑን የሚያየው ንጉሡ ትክክል ለመሆኑ ምስክር አድርጎ ነው። የወንጌላውያን ተማሪ ይህን ሲያነብ ልቡ ወዲያው ወደ ተወገሩት ይሄዳል። «ከሉተር በፊት የነበሩ ወንጌላውያን» የሚል ርእስም በአንድ ሌሊት ይወለዳል።

ቆይ ልበላችሁ። ደቂቀ እስጢፋኖስ ስለ ራሳቸው የጻፉት ገድል አለ። በዚያ የምናገኛቸው በጥብቅ ሥርዓት የሚኖሩ፣ ጾምንና ምንኵስናን አጥብቀው የያዙ፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል የሚሉ የ15ኛው መቶ ዘመን መነኮሳት ናቸው። ከእኛ ጋር የሚያቀራርባቸው ነገር እውነተኛ ነው፤ የሚለያቸውም እንዲሁ። መደምደሚያውን አስቀድሞ የጻፈ ተማሪ ገድሉን የሚያነበው የሚስማማውን ለመልቀም ነው። የማይስማማው ሲመጣ ይደነግጣል፣ ይደብቀዋል፣ ወይም መጻፉን ያቆማል። «ለምን ማቆሙ?» ብትሉኝ፣ ውስጡ ጥናቱ እውነት እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው እላለሁ። ወንድሞቻችንን በሐሰት መመስገን አናከብራቸውም። ይልቅስ ጥያቄውን እንዲህ አጥብቡት፦ ስለ አንዱ ንጉሥ ዜና መዋዕሉና ገድሉ የሚናገሩት የት ይለያያል? ሁለት ምንጭ፣ አንድ ጥያቄ፤ መልሱ ደግሞ ገና ያልታወቀ። ይህ የሚጨረስ ጥናት ነው።

ታደሰ ታምራት ይህን መንገድ ያውቁ ነበር። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲያጠኑ፣ በ1966 ስለ እስጢፋኖሳውያን ብቻ የሚናገር አጭር ጽሑፍ በአንድ የጣልያን መጽሔት አወጡ። ጥናታቸውን በ1968 አጠናቀቁ፤ በ1972 ደግሞ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ የሚተርክ መጽሐፋቸው ታተመ። ትንሿ ቁራጭ ቀደመች። እናንተም አንዱን ምዕራፍ ለሴሚናር ወይም ለእንዲህ ያለ መጽሔት አዘጋጁት፤ ሌላ ሰው ሲተቸው ሥራው ከእናንተ ጭንቅላት ይወጣል።

ስለ ማስታወሻ አያያዝ ደግሞ ወደ አንኮበር ልውሰዳችሁ። ሚስዮናዊው ክራፕፍ ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጣ፤ ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፣ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ። የሚያየውንና የሚሰማውን በየዕለቱ ይጽፍ ነበር። ሲመለስ ወሎ ላይ ተይዞ ንብረቱን ተዘረፈ፤ የሁለቱ ሰዎች ዕለታዊ ማስታወሻ ግን በ1843 ለንደን ታተመ፤ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሸዋ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሰዋል። በ1840 ያሳተመውን የኦሮምኛ ሰዋስው በርእሱ ላይ ራሱ «ፍጹም ያልሆነ ረቂቅ» ብሎ ሰየመው። ይህን ርእስ ለአማካሪያቸው ረቂቅ መላክ ለሚፈሩ ሁሉ በግድግዳ ላይ ብሰቅልላቸው ደስ ይለኛል። ክራፕፍ የሰበሰባቸው የግዕዝ ብራናዎች ቱቢንገን ደረሱ፤ ያው ዩኒቨርሲቲ በ1842 ለቋንቋ ጥናቱ የዶክትሬት ማዕረግ ሰጠው። የሸንኮራው ልጅ ጥናታቸውን እዚያው ያቀረቡት ልክ ከ120 ዓመት በኋላ ነው።

እናም ያነበባችሁትን ባነበባችሁበት ቀን፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ፋይሉን ከላፕቶፑ ሌላ በፍላሽና በኢሜይል አስቀምጡ። ኤርምያስ ጥቅልሉን ንጉሡ ባቃጠለበት ጊዜ ዳግመኛ የሚጽፍለት ባሮክ ነበረው፤ እናንተ ባሮክ የላችሁም።

ጊዜን በተመለከተ የማምነው አንድ ነገር ነው፦ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ከመጠበቅ በየማለዳው ከ11 እስከ 1 ሰዓት ይሻላል። ሙሉው ቀን ለቅሶ ይወስደዋል። ጳውሎስ ከእስር ቤት በርኖሱንና ብራናዎቹን በአንድነት መጠየቁ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ጎሕ ሳይቀድ ለሚጽፍ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከሽማግሌዎች ጋር ደግሞ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተስማሙ፦ የትኞቹ ወራት፣ ስንት ስብከት፣ ማን ይተካል። ባለቤታችሁም በዚያ ስምምነት ውስጥ ይኑሩበት፤ ዋጋውን አብረው የሚከፍሉት እርሳቸው ናቸውና።

አማካሪያችሁን «ምን ይመስልዎታል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ዓሥር ገጽና ሁለት ግልጽ ጥያቄ ላኩ፤ መልስ የምትጠብቁበትን ቀንም በትሕትና ጥቀሱ። ዝም ካሉ እናንተ ዝም አትበሉ፤ ስልክ ደውሉ።

በመጨረሻ የብራና ነገር። ወደ አንድ ደብር ዕቃ ቤት ለመግባት የምታስቡ የዩኒቨርሲቲያችሁንና የሀገረ ስብከቱን ደብዳቤ ያዙ፤ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆናችሁም አትደብቁ። በማስመሰል የተገኘ ፎቶግራፍ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ በሩን ይዘጋበታል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሚኒሶታ ያለው ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ያወጣቸውን ብራናዎች ተመዝግባችሁ በነፃ ተመልከቱ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምንም ጠይቁ። ግዕዛችሁ ደካማ ከሆነ ከአንድ የቅኔ መምህር እግር ሥር ተቀመጡ። የእኛ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይከብዳል፤ መምህሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት በጊዜ መምጣታችሁንና ያስጠኗችሁን በቃላችሁ መያዛችሁን ብቻ ነው።