መኪና የማይገባበት 297 ኪሎ ሜትር

ዋሽንግተን ዲሲ ኖሮ ጆርጅታውን የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ አበሻ የለም ማለት ይቻላል። ታክሲ የነዳበት፣ የሰው መኪና ያቆመበት፣ ምግብ ቤት የሠራበት፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይዞ የዞረበት ብዙ ነው። ከዋናው ጎዳና ጥቂት ዝቅ ሲሉ ውሃው የረጋ ጠባብ ቦይ አለ። ከቦዩ ጎን ደግሞ አንድ መንገድ ይሄዳል። ከከተማው ትንሽ ራቅ ሲል አፈርና ደቃቅ ጠጠር ብቻ ነው። በዚያ መንገድ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ የተነሳ ሰው፣ ከምበርላንድ የምትባለው የሜሪላንድ ከተማ እስኪደርስ ድረስ 297 ኪሎ ሜትር ከኋላው ጥሩምባ የሚነፋበት የለም። አልፎ አልፎ የመኪና መንገድ ያቋርጠዋል፤ በቃ።

መቼም «ግራቭል» የሚሉት ብስክሌት ሰሞኑን ፈረንጆቹን አሳብዷቸዋል። መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ፣ ኮረኮንች የሚችል ማለት ነው። ለእኛ ይህ እንደ አዲስ ግኝት ሲነገር ትንሽ ያስቃል። እኛ አገር በተራ ብስክሌት ኮረኮንች የማይነዳ ማን አለ? ነገሩ የመጣው ግን ከፋሽን ብቻ አይደለም። ስልኩን እያየ የሚነዳው ሹፌር ስለበዛ ብዙ ብስክሌተኛ አስፋልቱን ፈርቶታል። መኪና የሌለበትን መንገድ ሲፈልግ ጠጠር ላይ ወጣ። እንዲህ ያለ መንገድ ደግሞ እንዲሁ አይገኝም። ይሄኛውም ለጥቂት ነው የተረፈው።

መንገዱ የተሠራው ለበቅሎ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1828 የቦዩ ቁፋሮ ሲጀመር ሐሳቡ የከሰል ድንጋይና እህል በጀልባ ወደ ዋሽንግተን ለማውረድ ነበር። ጀልባው ሞተር የለውም፤ በቅሎዎች በቦዩ ዳር እየሄዱ በገመድ ይጎትቱታል። የሚገርመው በዚያው ቀን ባልቲሞር ላይ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ገባ። ቦዩ የደረሰው በ1850 ነው፤ ማለትም ገና ሲመረቅ ጊዜው አልፎበታል። ቢሆንም እስከ 1924 ድረስ ተንገታግቶ ሠራ፣ በዚያ ዓመት ጎርፍ አፈራረሰውና ተዘጋ። በ1938 መንግሥት በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቦዩ ላይ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ዕቅድ ቀረበ፣ ዋሽንግተን ፖስትም በጥር 1954 ርዕሰ አንቀጹ ላይ ደገፈው። ይህን ያነበቡት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ። መልእክቱ በአጭሩ «ጸሐፊው ከእኔ ጋር በእግሩ ይሂድና አይቶ ይፍረድ» የሚል ነበር። ጋዜጠኞቹም እሺ አሉ። በመጋቢት ወር ብዙ ሰው ሆነው ከከምበርላንድ ተነሱ። የ55 ዓመቱ ዳኛ ከፊት ከፊት እየሄዱ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ፤ ሙሉውን የጨረሱት 9 ሰዎች ናቸው። ከጉዞው በኋላ ጋዜጣው አቋሙን አለዘበ፣ ቦዩ እንዲጠበቅም ደገፈ። ጋዜጣ የጻፈውን መልሶ ሲያስተካክል ማየት ብርቅ ስለሆነ፣ ይህችን ለሙያ ባልደረቦቼ ማስታወሱ ደስ ይለኛል። ቦታው በሕግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ የሆነው ግን በ1971 ነው። ከእግር ጉዞው እስከ ሕጉ 17 ዓመት ማለት ነው።

ወደ ብስክሌቱ እንመለስ። የመንገዱ ትልቁ ጸጋ አቀበት የለሽ መሆኑ ነው። 297 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከፍታው የሚጨምረው 184 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ያለው አቀበት ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ያንንም ከፍታ ቢሆን ቦዩ የሚወጣው በ74 የውሃ በሮች ነው። ጀልባዋ ሁለት በር መሃል ትገባለች፣ ውሃ ይሞላል፣ ከፍ ትላለች፣ ትወጣለች። ብስክሌተኛው እያንዳንዱን በር ሲያልፍ የሚያገኘው አጭር ጉብታ ነው፤ ከጎኑም የበር ጠባቂው የኖረበት አሮጌ ቤት ብዙ ቦታ ላይ ዛሬም ቆሟል።

የመጀመሪያው 23 ኪሎ ሜትር፣ ታላቁ ፏፏቴ እስከሚባለው ቦታ ድረስ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛዋል። ሕፃን ጋሪ የሚገፋ አለ፣ ውሻ የሚያናፍስ አለ፣ ስለዚህ ደወል ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ ወዲያ ሰዉ እየሳሳ ይሄዳል። በግራ ፖቶማክ ወንዝ፣ በቀኝ ቦዩ፣ ከላይ ዛፍ። ግንድ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎች፣ እግረ ረጅም ወፎች፣ ቀና ብሎ አይቶ የሚመለስ አጋዘን። ሞኖካሲ ላይ ሲደርሱ በ1833 ያለቀ ባለ 7 ቅስት የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። የተሠራው ቦዩን ራሱን በወንዝ ላይ ለማሻገር ነው። 97ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ሃርፐርስ ፌሪ አለች፤ ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ለማፍረስ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የወረረባት ከተማ።

እኔ ግን አንድ ቦታ ምረጥ ብባል ፓው ፓው የሚባለውን ዋሻ እመርጣለሁ። 950 ሜትር ይረዝማል፣ ተጀምሮ እስኪያልቅ 14 ዓመት ፈጅቷል። ሥራ ተቋራጩ ከስሯል፣ ደመወዝ የቀረባቸው ሠራተኞች አምፀዋል። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ከብስክሌት ወርዶ፣ መብራት ይዞ፣ በጠባቡ መንገድ በእግር መሄድ ይሻላል። ከወዲያኛው ጫፍ የሳንቲም ያህል ብርሃን ይታያል፣ ቢሄዱ ቢሄዱ ቶሎ አይሰፋም።

ወጪው ከሚያስቡት ያነሰ ነው። በየመንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተከለሉ ነፃ የድንኳን ቦታዎች አሉ፤ አንድ ሌሊት ያድሩበታል፣ መጸዳጃና በእጅ የሚቀዳ የውሃ ቧንቧ አላቸው። በክረምት የቧንቧው እጀታ ስለሚነቀል ውሃ መያዝ ግድ ነው። የግድ አዲስ ግራቭል ብስክሌት መግዛትም አያስፈልግም፣ ጎማው ወፈር ያለ አሮጌ ብስክሌት ይበቃል። ዝናብ ከጣለ ግን ጭቃው ጎማና ፍሬን መሃል ይጠቀጠቅና ያንገላታል። ብዙ ሰው ሙሉውን በአራት፣ በአምስት ቀን ይጨርሳል። ለዚያ ጊዜ የሌለው ብስክሌቱን አስቀድሞ አስመዝግቦ ባቡር ላይ ይጭንና ሃርፐርስ ፌሪ ወርዶ እየነዳ ይመለሳል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወገናችን ይቺኛዋ ሳትመች አትቀርም።

ከምበርላንድ የደረሰ ሰው ካልደከመው ሌላ 240 ኪሎ ሜትር አለው፣ እስከ ፒትስበርግ። ይሄኛው የድሮ የባቡር መስመር ነበር። አሜሪካኖች በ1983 ሕግ አውጥተው፣ ባቡር የተወው መስመር ተቆራርጦ ከመሸጥ ይልቅ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኖ እንዲቆይ፣ ባቡር ካስፈለገም እንዲመለስ ፈቀዱ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ረጅም መስመር አንዴ ከተሸነሸነ፣ አንዱ ቤት አንዱ መጋዘን ከሠራበት፣ መልሶ የሚገጥመው የለም።

ይህን ሳነብ የድሮው የጅቡቲ ባቡራችን መስመር ትዝ አለኝ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ። ባቡሩ በአዲስ አበባ በኩል ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የራሱ ሐዲድ አለው። የእንፋሎት ባቡር ዳገት ስለማይወድ መሐንዲሶቹ መሬቱን ሲያለሰልሱለት ኖረዋል፤ ለብስክሌት ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ሰላሙ ይኑር እንጂ ለሙከራ ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ያለውን ብቻ ማሰብ ይቻላል፤ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። ሐዲድ ሥር ያለው ጠጠር ለጎማ ሻካራ ነው እንዳይባል፣ እነሱ ያደረጉት ከላዩ ደቃቅ ድንጋይ አልብሶ መደልደል ነው።